አሸዋው ጫማውን ያወለቀ ጊዜ

ትናንት ሌሊት፣ እንቅልፍ እንደ ጣለኝ፣ በሕልሜ አሸዋው ወደ ላይ ሲፈስ አየሁ።

አሸዋው የምንለው ወንዛችንን ነው። በወረቀት ላይ ሌላ ስም ይኖረው ይሆናል፤ እኛ ታች ሰፈሮች ግን አናውቅለትም። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው። ሴቶች ልብስ ያሰጡበታል፣ ግመሎች ይተኙበታል፣ እሑድ እሑድ ጎረምሶች ኳስ ይጫወቱበታል። ውኃ የሚሆነው በዓመት ውስጥ አምስት ወይም ስድስት ቀን ቢሆን ነው፤ እሱም እኛ ዘንድ ጠብ ሳይል፣ ሩቅ ተራራው ላይ በዘነበ ዝናብ። በነዚያ ቀኖች ምን እንደሚሆን በኋላ እነግራችኋለሁ። በሕልሜ ግን አሸዋው ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ዳገቱን እንደ ሽማግሌ እያረፈ ይወጣው ነበር። ማንንም አልገረመም። እኔንም አልገረመኝም።

እኔ ጥጋቡ እባላለሁ። የታች ሰፈር እድር ጡሩምባ ነፊ ነኝ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ሰው ሲሞት፣ ሊነጋጋ ሲል፣ በየመንደሩ እየዞርኩ ጡሩምባዬን እነፋና የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ሰዓትና ቦታ እናገራለሁ። ሰፈራችን ለምንም ነገር ላይነሣ ይችላል፤ ለጡሩምባ ግን ይነሣል። ጡሩምባ ሰምቶ የቀረ ይቀጣል፤ ከቅጣቱም ሐሜቱ ይብሳል።

እና በሕልሜ ነግቶ ቁርስ እየበላሁ ነበር። ከደጃፌ የተነሣ ሰልፍ ድልድዩ ድረስ ደርሷል። የተሰለፉት ላይ ሰፈር ያሉት ባለሥልጣኖች ናቸው። ሁሉም ክራባቱን አስሯል፣ ፋይሉን ታቅፏል፤ አንዳንዱ ደከመውና በቦታው ድንጋይ አስቀምጦ ጥላ ሥር ተቀምጧል። ባለቤቴ እንግዳወርቅ በሩ ላይ ቆማ ታስተናግዳለች።

«ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» አለቻቸው። እኔ ከኋላዋ ፍርፍሬን እየጎረስኩ ነው።

«ትናንትም ስብሰባ ላይ ናቸው ብለውን ነበር፣ እመቤቴ» አለ አንድ ወፍራም ሰውዬ፣ ጃንጥላውን እያጠፈ።

«አላለቀማ። ፎቶ ይዘሃል?»

«አራት ይዣለሁ።»

«ስድስት ነው የሚፈለገው። ጆሮህ የሚታይ።»

ሰውዬው በትከሻዋ ላይ አንገቱን አሰገገ። «ጋሽ ጥጋቡ፣ እባክዎ። ወንዙ ዳር ሁለት በሦስት የምትሆን ቦታ ቢሰጡን። ጭቃ ብትሆን አይከፋንም። ጣሪያዋ ላስቲክ ቢሆንም እሺ። ልጆች አሉን።»

«ፎቅህስ?» አልኩት።

«ውኃው አሁን ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ጥናት ተጠንቷል። ዘንድሮ ከወንዝ ዳር የተሻለ መሬት የለም።»

አንጀቴን በላው። እኔም አንድ ጊዜ እንዲህ አንገቴን አስግጌ ለምኜ አውቃለሁ፤ ያገኘሁትም ይህችኑ የወንዝ ዳር ቤት ነው። «ነገ ተመለስ» ልለው አፌ ላይ መጥቶ መለስኩት። «ግባ፣ ቁርስ ብላ» አልኩት። ሰልፉ እንዳለ ተከትሎት ገባ። ቤቴ ሁለት በሦስት ናት፤ ለሁሉም በቃች።

ከዚያ ላይ ሰፈር ነበርኩ። እንዴት እንደ ደረስኩ አላውቅም። አንድ ትልቅ ቢሮ ውስጥ፣ መስኮቱ ፊት፣ አሸዋው ራሱ ቆሟል። ልብሱ ይንጠባጠባል፤ ፋይሉን በብብቱ ይዟል። ከመስኮቱ ውስጥ መነጽር ያደረገች እንቁራሪት ተቀምጣለች።

«ስም?»

«አሸዋው።»

«የአባት ስም?»

«ዝናብ።»

«አያት?»

«ደመና።»

«አድራሻ?»

አሸዋው ፋይሉን ወደ መስኮቱ ገፋ። ውኃው ወለሉ ላይ እየተንጠባጠበ ድምፁ ይሰማል። «እሱን ብዬ ነው የመጣሁት» አለ። «ሁልጊዜ ታች ሰፈር ሂድ ትሉኛላችሁ። እኔ ከተራራው ስወርድ መንገዱን አላውቀውም ነበር። ድሮ ጫካ ነበረ፤ ዛፎቹ ዐረፍ በል፣ ምን ያስቸኩልሃል ይሉኝ ነበር። እነሱ ተቆረጡ። ከዚያ ላይ ሰፈሮች በእነሱ በኩል ባለው ዳርቻ ግንብ አቆሙ። ግንቡ በዚያ በኩል እለፍ አለኝ። የመንገዱ ቦይ ሁሉ ጣቱን ወደ ታች ቀሰረልኝ። እኔ የተነገረኝን ነው የሄድኩት።»

ስድስት ዓመት ሙሉ በልቤ የተጣላሁት ወንዝ ነው። ቆሜ አዳመጥኩት። የማዳመጥ ልማድ አለብኝ፤ ሰው ሲያወራ አቋርጬ መሄድ አይሆንልኝም።

እንቁራሪቷ ፋይሉን አገላበጠችና ማህተም መታች። «ዘንድሮ ላይ ሰፈር ትገባለህ።»

«ቤታቸው ውስጥ?»

«ጫማህን አውልቀህ።»

አሸዋው ወጣና ከመጀመሪያው ቪላ በር ላይ ጫማውን አወለቀ። ሁለት ጀልባ የሚያካክሉ ጫማዎች ናቸው፤ ጎን ለጎን አስተካክሎ አስቀመጣቸው። የቤቱ እመቤት በረንዳ ላይ ወጥታ «ደህና መጣህ፣ ግባ» አለችው። ገባ። ሶፋው ላይ ተቀመጠ። ሻይ አፈላችለት። ሰዎቹ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ላይኛው ፎቅ ወጡ፣ ከዚያ ሆነው እጃቸውን ያውለበልቡለታል። ሁለተኛው ቤት ገባ፤ መኪናውን አጠበላቸው። ሦስተኛው ቤት ያሉት ቀድሞ ተደውሎላቸው ስለ ነበር ወጥተው ሄደዋል፤ ሶፋው ላይ ዐረፍ ብሎ ምንጣፍ አርጥቦ ወጣ። እንዲህ እያለ ሰፈሩን ጨረሰ። አንድም ሰው አልጎደለም።

ጫማውን እያሰረ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ጋሽ ጥጋቡ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ?»

«ጠይቀኝ።»

«እዚህ ገባሁ፣ ሻይ ጠጣሁ፣ ወጣሁ። ታች ሰፈር ስገባ ግን ገና እጄን ግድግዳው ላይ ሳሳርፍ ግድግዳው አብሮኝ ይሄዳል። ጉልበቴ ያው ነው። እዚህ እንግዳ፣ እዚያ ነፍሰ ገዳይ የሚያደርገኝ ምንድን ነው?»

«ግድግዳችን ጭቃ ነዋ» አልኩት።

«ለምን ጭቃ ሆነ?»

«በብሎኬት ለመሥራት ካርታ ያስፈልጋል። ካርታ ስንጠይቅ ደግሞ ቦታው ለመኖሪያ አይሆንም ይሉናል።»

«ለመኖሪያ የማይሆን ከሆነ ለምን ትኖሩበታላችሁ?»

«ለመኖሪያ የሚሆነው ተይዟል።»

ወንዙ አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ማሰሩን ቀጠለ። ውኃ ሲያፍር አይታችሁ አታውቁም።

ከዚያ ድንኳን ውስጥ ነበርኩ። የእድራችን ድንኳን ነው፤ ግራ ጎኑ ላይ ያለውን መጣፊያ አውቀዋለሁ፣ እኔው ነኝ የሰፋሁት። የእድሩ ዳኛ አቶ ድልነሳው መሐል ላይ ቆመው ደንቡን ያነብባሉ። ጋሽ ድልነሳው የመጋዘን ኃላፊ ሆነው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ከደንቡ አንዲት ፊደል ከምትጎድል ጥርሳቸው ቢወልቅ ይመርጣሉ።

«አንቀጽ ዘጠኝ» ብለው ጀመሩ። «ጡሩምባ የሚነፋው ሰው ሳይሞት ነው። ሰው ከሞተ በኋላ የነፋ ይቀጣል።»

በሕልሜም ቢሆን ይህ ደንገጥ አደረገኝ። ትክክለኛው አንቀጽ ዘጠኝ ጡሩምባ የሚነፋው አባል ወይም የአባል ቤተሰብ ሲሞት ብቻ ነው ይላል። በቃሌ ነው የማውቀው፤ ትምህርት ቤት አልገባሁም፣ ማንበብ የለመድኩት በዚያው ደንብ ላይ ጣቴን እያስኬድኩ ነው።

ድንኳኑ ውስጥ፣ አግዳሚው ላይ፣ አሥራ አንድ ሰዎች ተደርድረው ንፍሮ ይበላሉ። አወቅኋቸው።

እዚህ ላይ ሕልሙን ቆም ላድርግና ቅድም እነግራችኋለሁ ያልኩትን ልንገራችሁ። የዛሬ ስድስት ዓመት፣ ነሐሴ ላይ፣ ሊነጋጋ ሲል ነቃሁ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ግን ከወንዙ በላይኛው በኩል ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ ሰማሁ። ከሩቅ ሲሰሙት ኮረኮንች ላይ የሚሄድ ባዶ ጋሪ ይመስላል። ውኃው ገና ሳይታይ ድምፁ ይቀድማል፤ ጆሮ ያለው ሰው ሩብ ሰዓት ያህል ጊዜ አለው። ጡሩምባዬን አንሥቼ ወጣሁ። ወደ አፌ አስጠጋሁት። ከዚያ አንቀጽ ዘጠኝ ትዝ አለኝ። የማንን ስም እጠራለሁ? ውኃው ባይመጣስ? አንድ አባታችን ሆይ በሚያስደግም ጊዜ ያህል እንዲያው ቆምኩ። ከዚያ ጡሩምባውን አስቀምጬ በጉሮሮዬ እየጮህኩ ሮጥኩ። ለጉሮሮ ማን ይነሣል? ግማሹ ወጣ፣ ግማሹ ተገላብጦ ተኛ። በማግስቱ አሥራ አንድ ስም ጠርቼ ነፋሁ። ማንም አልወቀሰኝም፤ ጡሩምባውን ይዤ መቆሜን ከነፍስ አባቴ በቀር ለማንም አልተናገርኩማ።

እነዚያ አሥራ አንዱ ናቸው እንግዲህ አግዳሚው ላይ የተቀመጡት። ልብሳቸው ደረቅ ነው።

«ጋሽ ጥጋቡ፣ ንፍሮ ውሰድ እንጂ» አለችኝ ሰዓዳ። ሰዓዳ በሕይወት ሳለች ድልድዩ ጋ ሳምቡሳ ትሸጥ የነበረች ናት።

አጠገቧ አናጢው ሙላት ተቀምጧል። የሰፈሩን ግማሽ በር የገጠመ እሱ ነው። «ጡሩምባህን ሰማሁት» አለኝ።

«መቼ?»

«ከሄድኩ በኋላ። ስሜን ጥርት አድርገህ ነው የጠራኸው። ትንሽ ቀደም ብትል ደግሞ በእግሬ እመጣልህ ነበር።»

በቁጣ አይደለም የተናገረው፤ ስለ አንድ ያልተገጠመ መስኮት የሚያወራ ነው የሚመስለው።

«ደንቡ...» አልኩ።

«ደንቡንማ አውቀዋለሁ፣ ፈርሜበታለሁ። ስንፈርም የፈራነው ያለ ቀባሪ መቅረትን ነበር። ያለ ቀስቃሽ መቅረትን ማን አሰበው?» ንፍሮውን ከእጁ ወደ እጁ አዛወረ። «እናቴ እዚያው ናት?»

«እዚያው ናት።»

የሙላት እናት እማማ ስንቅነሽ ናቸው። ከታች ሰፈር ሁሉ ታች ያለችው ቤት የሳቸው ናት፤ በረንዳቸው አሸዋው ላይ ነው።

«እግሯስ?»

«አንድ ዓመት ሆነው እምቢ ካላቸው።»

«ታዲያ ለምን አልተነሣችም?»

«የት ይሂዱ፣ ሙላት? ውኃ የሚቀዳላቸው፣ እንጀራ የሚያቀብላቸው ጎረቤት እዚያ ነው። ሌላ ቦታ ማን ያውቃቸዋል?»

በዚህ መካከል ግንቡ ጎንበስ ብሎ በድንኳኑ በር ገባ። ላይ ሰፈር ዳርቻ ላይ የቆመው ግንብ ነው፤ ረጅም፣ ግራጫ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዟል። «ይቅርታ ልጠይቅ ነው» አለ። «በአንድ ወገን ብቻ ነው የሠሩኝ። ጀርባዬን ሰጥቻችሁ መቆሜን ዘንድሮ ነው ያስተዋልኩት።»

«ቁጭ በል» አለችው ሰዓዳ። «አግዳሚው ላይ ግን አይሆንም፤ ትሰብረዋለህ።»

መሬት ላይ ተቀመጠ። ንፍሮ ሰጡት።

«ጥጋቡ» አሉ ጋሽ ድልነሳው፣ ደንቡን አጥፈው። «ተነሣና ንፋ።»

«ማን ሞተ ብዬ?»

ድንኳኑ በሙሉ ሳቀ። አሥራ አንዱም ሳቁ፤ ግንቡም ሳቀና አቧራ ከላዩ ረገፈ።

«ገና ማንም» አለ ሙላት። «እሱኮ ነው ነገሩ።»

ጡሩምባዬን አነሣሁና ነፋሁ። ከአፉ የወጣው ግን የጡሩምባ ድምፅ አልነበረም። ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ ነው። እንደገና ነፋሁ። ድንጋይ። ለሦስተኛ ጊዜ ነፋሁ፤ ባዶ ጋሪ ኮረኮንች ላይ ሲሄድ።

ነቃሁ። ድምፁ አልቆመም።

እንግዳወርቅ አጠገቤ ተኝታለች። በበሩ ስንጥቅ የንጋት ብርሃን ጀምሮታል፤ ሰማዩ ላይ ደመና የለም። በስመ አብ ብዬ አማተብኩ። ጡሩምባዬ ከምስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል። አወረድኩት። በዚህ ጊዜ ደጃፍ ላይ አልቆምኩም፤ እየሄድኩ ነፋሁ።

መጀመሪያ የወጡት ጋሽ ድልነሳው ናቸው፣ ጋቢያቸውን በፒጃማቸው ላይ ደርበው።

«ማነው?» አሉኝ።

«ማንም አልሞተም።»

«ሰው ሳይሞት ነው የምትነፋው?»

«ይስሙ፣ ጋሽ ድልነሳው። ዝም ብለው ይስሙ።»

እጃቸውን ጆሮአቸው ላይ አደረጉ። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁት። «ንፋ» አሉኝ። «ቅጣቱን ሚካኤል ወጥተን እናየዋለን።» እሳቸውም በሌላው መንገድ በር እየደበደቡ ሄዱ።

ሰፈሩ እንደ ልማዱ ወጣ። እኔ «ወደ ሚካኤል ውጡ» እላለሁ፤ ሰው ግን ጡሩምባ ሲሰማ ከኔ የሚጠብቀው ስም ነው። ስም ስላልጠራሁ ራሱ ገመተ። በሰፈሩ ውስጥ በዕድሜ የገፋ፣ አልጋ የያዘ ማነው? እማማ ስንቅነሽ። አንድ ሰው «እማማ ስንቅነሽ አረፉ» አለ፤ በቃ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው እያለቀሱ፣ ወንዶቹ የእድሩን ቃሬዛ ተሸክመው፣ ወጣቶቹ ድንኳኑንና አግዳሚውን ይዘው፣ ትልቁ ብረት ድስት እንኳ ሳይቀር፣ ሁሉም ወደዚያች ወደ መጨረሻዋ ቤት ነጐዱ። ሮጬ ብደርስ በሯ ላይ ለቅሶ ቆሟል።

እማማ ስንቅነሽ አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። «ማን ሞቶ ነው?» አሉ።

«እርስዎ» አለ አንዱ፣ እንባውን ሳይጠርግ።

«እኔ? ሳልሰማ?»

ለማስረዳት ጊዜ አልነበረም። «ውኃው ጠርጎ ሊወስደን ነው፣ ድንጋዩን ስሙት» አልኩ። ሁሉም ጸጥ አለ፣ ሁሉም ሰማ። እማማን ቃሬዛው ላይ አስቀመጥናቸውና አራት ሆነን ወደ ላይ ሮጥን። ለቅሶኛው ከኋላችን፣ ሕፃናቱ በእናቶቻቸው ጀርባ። «ቀስ በሉ፣ ገና ነኝኮ» ይላሉ እማማ ከላይ።

ሚካኤል ጉብታው ላይ ነው። ከግቢው በር ስንደርስ ውኃው መጣ። እላይ ሆነን አየነው። የእማማን ቤት ወሰደ፣ የኔን ወሰደ፣ በድልድዩ በኩል ያሉትን ሠላሳ ያህል ቤቶች ወሰደ። እንግዳወርቅ ክንዴን ይዛ «ምጣዴ» ብቻ አለች።

ጋሽ ድልነሳው የአባላቱን መዝገብ ይዘው ኖሯል፤ ቤታቸውን ትተው እሱን ነው ያወጡት። ቤት ለቤት ስም ጠሩ። ሁሉም አቤት አለ። እንደገና ከመጀመሪያው ጠሩ፤ እንደገና ሁሉም አቤት አለ። ከዚያ መዝገቡን ዘጉና ለብዙ ጊዜ አፍንጫቸውን ጠረጉ።

«አንቀጽ ዘጠኝ እሑድ ስብሰባ ላይ ይነሣል» አሉኝ። «ከዚያ በፊት ግን ቅጣት አለብህ።»

«እሺ።»

ወጣቶቹ ድንኳኑን ይዘዋልና ምን ያድርጉት፣ ተከሉት። ሴቶቹም ድስቱን ይዘዋልና ጣዱት፤ ለለቅሶ ብለው ያነገቱት ስንዴና ባቄላ ነበር፣ ንፍሮ ሆነ። እኔ ከእማማ ስንቅነሽ ቃሬዛ አጠገብ ተንበረከክሁ።

«እማማ፣ ያን ጊዜም ድንጋዩን ሰምቼው ነበር። ጡሩምባው በእጄ ነበር። አልነፋሁትም።»

ንፍሮአቸውን ቀስ ብለው አኘኩ። «ጉሮሮህን ሰምቼዋለሁ ያን ቀን» አሉ። «ሙላትን ቀሰቀስኩት። ጥጋቡ ጠጥቶ ነው፣ ተኚ አለኝና ተገላበጠ። ያኔ እግር ነበረኝና እኔ ወጣሁ፣ እሱ ቀረ። በጡሩምባ ቢሆን ይነሣ ነበር፤ ቅጣት አይወድም ነበር ልጄ።» እጃቸውን ራሴ ላይ አሳረፉ፤ አላነሡትም። «ዛሬ አስነሣኸን። ንፍሮ ውሰድ።»

ወሰድኩ።

ፀሐይ ወጥታ ሳለ አንድ ጃንጥላ የያዘ ወፍራም ሰውዬ ከላይ ሰፈር በኩል መጣ። ጉዳት ሊመዘግብ የተላከ ነው፣ ፋይል ታቅፏል። ድንኳኑን ሲያይ ጃንጥላውን አጠፈ፣ ባርኔጣውን አወለቀ። ከድንኳኑ እስከ ግቢው በር ለንፍሮ ሰልፍ ቆመናል፤ እሱም ሥርዓት ያውቃልና መጨረሻው ላይ ተሰለፈ። ተራው ደርሶ ከእማማ ስንቅነሽ ቃሬዛ ፊት ሲቆም ራሱን ዝቅ አደረገ።

«እግዚአብሔር ያጥናችሁ» አለ። «ማነው የሞተባችሁ?»

«እኔ ነበርኩ» አሉት እማማ። «ቀረ። ቁጭ በልና ንፍሮ ቅመስ፤ ከዚያ ግንቡን በየት በኩል እንደምትሠሩልን ታወራኛለህ።»